ለዘጠኝ ቀን ሠራተኛ የተላከ ሽማግሌ

ሰው ሥራ ሲለቅ ሽማግሌ የሚላክበት አገር አለ ቢሉኝ አላምንም ነበር። ባሏን ጥላ ለሄደች ሚስት ይላካል። ደም ለተቃባ፣ ድንበር ለተገፋፋ ይላካል። ዘጠኝ ቀን ሠርታ «በቃኝ» ላለች ልጅ ግን ሦስት ትልልቅ ሰዎች ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ በሚኒባስ ከሞጣ ብቸና ድረስ ይሄዳሉ? ይሄዳሉ። አንዱ እኔ ነበርሁ።

ልጅቷ ሪሃብ አብዱልሐኪም ትባላለች። የብቸና ልጅ ናት። አባቷ ልብስ ሰፊ ነው፤ የብቸና ተማሪ ግማሹ ዩኒፎርሙን የለበሰው ከእሱ እጅ ነው። እናቷ ሀሲና በርበሬና ቅመም ትነግዳለች። ከቤታቸው ኮሌጅ የረገጠች የመጀመሪያዋ ሪሃብ ናት። ፋርማሲ ተማረች፣ የብቃት ፈተናውን አንዴ ወድቃ በሁለተኛው አለፈች፣ የሙያ ፈቃድ የሚባለውን፣ ስሟና ፎቶዋ ያለበትን ወረቀት ተቀበለች። አባቷ ያንን ወረቀት ለጎረቤት ከማሳየቱ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ ነበር አሉ።

ያ ወረቀት ነው የነገሩ ሁሉ ሥር። መድኃኒት ቤት ያለ ባለሙያ አይከፈትም። ባለሙያው ይቀጠርና ፈቃዱ በፍሬም ሆኖ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት ለሚሸጠው ለእያንዳንዱ ክኒን ተጠያቂው ግድግዳው ላይ ያለው ስም ነው። ሕጉ እንዲህ ነው። ልማዱ ግን ሌላ ነው። ልማዱ ወረቀቱ ይሰቀል፣ ሰውየው ኖረም አልኖረም ይሸጥ ነው። ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያው ገዝተን እንውጣለን፣ ዝም እንላለን።

የሪሃብን ወረቀት የሰቀለው የሞጣው ደምለው ነው። ደምለው ክፉ ሰው አይደለም። ቢሆንማ ነገሩ ቀላል ነበር። መንገድ ተዘግቶ መድኃኒት በጠፋበት ክረምት በበቅሎ አስጭኖ ያስመጣ እሱ ነው። ገንዘብ ለሌለው «ስታገኝ» ብሎ ይሰጣል። ግን ባለሙያ አይደለም። ሳሙናና ባትሪ ሲነግድ ኖሮ ወደ መድኃኒት የገባ ሰው ነው፤ ክኒኑን የሚያውቀው በካርቶኑ ቀለም ነው። የፊተኛዋ ባለሙያ ባል አግብታ ባሕር ዳር ስትሄድ ሪሃብን ቀጠረ። ሲቀጥራት «ተያዥ አምጪ» ብሎ ሁለት ቀን አመላልሷታል። «ሰው ሳይፈርምልሽ ይህን ሁሉ ዕቃ አላስረክብሽም» አላት። የአባቷ ወዳጅ የሆነ አስተማሪ ፈረመላት።

በዘጠነኛው ቀን ማታ ደወለችለት። «ጋሽ ደምለው፣ ከነገ ጀምሮ አልመጣም። ዕቃውን ቆጥሬ አስረክቤያለሁ። ፈቃዴን አውርደው ይላኩልኝ።»

«ሌላ ባለሙያ እስካገኝ ይቆይ።»

«አይቆይም ጋሼ። እኔ ከሌለሁ ስሜም አይኖርም።»

ቆየ። ሦስት ሳምንት ቆየ። ኔትወርክ ሲኖር ትደውላለች፤ እሱ ማንሳቱን ተወ። እሷ ብቸና ወላጆቿ ቤት ተቀምጣ፣ ፎቶዋ ሞጣ ሆኖ መድኃኒት ይሸጣል። ኋላ ማክሰኞ ተቆጣጣሪ ይመጣል የሚል ወሬ ተሰማ፤ ተቆጣጣሪው ደግሞ ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ባለሙያዋንም ሊያይ ነው ተባለ። ይሄኔ ደምለው የውኃ ፓምፕና ራዲዮ ወደምጠግንባት ክፍሌ መጣ። ሐሙስ ነበር።

«ጋሼ ሰማው፣ ከእግርዎ ወድቄያለሁ።»

«ተነሥ ደግሞ። ምን አጥፍተህ ነው?»

«ልጅቷን አስቀየምኋት። ድራጊስቷን። ለሰላት ስትወጣ ክፉ ተናገርኋት፣ እሷም ጥላኝ ሄደች። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሀጂ ሙጀሂድ እሺ ብለውኛል፣ መሪጌታ አካለ ወልድም አሉ። እርስዎ ሦስተኛ ይሁኑኝ።»

ጥፋቱን የሚናዘዝ ነጋዴ በየቀኑ አይገኝም። ደግሞም በሰው ጸሎት ላይ የተሰነዘረች ቃል በእኛ ከተማ ደረቅ ሣር ላይ የወደቀች ክብሪት ናት፤ ሮጦ ማጥፋት ነው። እሺ አልሁ። ያልጠየቅሁት አንድ ነገር ነበር። ልጅቷን። የስልኳን ቻርጀር ጠግኜላት ቁጥሯን ደብተሬ ላይ ጽፌያለሁ። «ልጄ፣ ለምን ለቀቅሽ?» ማለት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። አላልሁም። ሀጂም አላሉም። መሪጌታም አላሉም። ሽማግሌ ነን እኮ! የምናስታርቀውን ሰው ምን ብለን እንጠይቃለን!

ቅዳሜ ጠዋት መንገዱ ክፍት ነው ሲባል ተነሣን። ሀጂ ሙጀሂድ ከሰባ አምስት አልፈዋል፤ ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ፣ የሞጣ እስላሙም ክርስቲያኑም የሚሰማቸው ሰው ናቸው። ቀኝ ጉልበታቸው አይታጠፍላቸውም። መሪጌታ አካለ ወልድ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ከሀጂ ጋር ከልጅነት ጀምረው ሲበሻሸቁ ያረጁ።

«ሀጂ፣» አሉ መሪጌታ ከሚኒባሱ ውስጥ፣ «በዚህ ዕድሜዎ ለኮረዳ ሽማግሌ ሆነው ሲሄዱ ሰው ምን ይላል?»

«ለአካለ ወልድ ነው ይላላ! በዚህ አገር ሚስት የሌለው ሌላ ማን ቀረ?»

ደምለው ከፊት ወንበር ሆኖ ከሁላችንም በላይ ሳቀ። ደብረ ወርቅ ሳንደርስ ኬላ ላይ አስቆሙን። ፈታሹ ጋቢያችንንና ከዘራችንን አየና «ለሠርግ ነው አባቶች?» አለ።

«ለሽምግልና። ሥራ የለቀቀች ሠራተኛ ልንመልስ» አልሁት።

ቀበቶውን ይዞ ሳቀ። «እለፉ፣ እለፉ! እኔንም በለቀቅሁ ቀን እንዲህ የሚለምነኝ አይጥፋ።»

ያን ጊዜ ማፈር ነበረብን። እኛ ግን ከእሱ ጋር ስቀን አለፍን።

የአብዱልሐኪም ቤት ከገበያው ጀርባ ነው። ደምለው እንደ ልማዱ ውጭ ሚኒባሱ ዘንድ ቀረ፤ የበደለ ሰው ሳይጠራ አይገባም። እኛ ገባን። አብዱልሐኪም የሜትር ገመዱን ከአንገቱ ሳያወርድ ከማሽኑ ዘሎ ተነሣ።

«አሰላሙ አለይኩም።»

«ወአለይኩሙ ሰላም! ሀጂ! እርስዎ ራስዎ? ኧረ ግቡ! ተቀመጡ! ሀሲና፣ ወንበር!»

«ለመቀመጥ አልመጣንም አብዱልሐኪም» አሉ ሀጂ። «ቃል ስጠንና እንቀመጣለን።»

ይህን ላልቆመበት ሰው ላስረዳ። ሽማግሌ ቆሞ ሲለምን ባለቤቱ መቀመጥ አይችልም። ውኃ ቢቀርብለት አይቀምስም። ሰዓቱ በገፋ ቁጥር ቤቱ ይጠብባል፤ ጎረቤት በር ላይ ይሰበሰባል፤ «የእገሌ ቤት ሽማግሌ ቆሞ ዋለ» ይባላል። ልመና ይመስላል እንጂ ዱላ ነው። የሀጂ ጉልበት ደግሞ ከዱላ ሁሉ የከፋው ነበር። ደምለው ያመጣቸው ለሃይማኖታቸው ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለጉልበታቸውም ጭምር መሆኑ የገባኝ እዚያ ስንቆም ነው።

ሀሲና በትሪ ሻይና ዳቦ ይዛ ወጣች። «ለእናንተ ከዳቦ ቤት ያስመጣሁት ነው መሪጌታ፣ ሥጋም ቅቤም አልነካውም፤ ይብሉ።»

«እግዜር ይስጥልን እመቤት፤ ቃል ሳንሰማ አይሆንም።»

ትሪውን ማሽኑ ላይ አስቀምጣ ዓይናችንን በተራ በተራ አየችን። እናት ናት፤ ከሁላችንም ቀድሞ ገብቷታል። «ሪሃብን ነው የፈለጋችሁ» አለች።

ሪሃብ ወጣች። ቀጭን ናት፤ ሻርፗን አጥብቃ አስራለች። የሀጂን እጅ ሳመችና ግድግዳውን ተጠግታ ቆመች።

«ልጄ፣» አሉ ሀጂ፣ «ደምለው አጥፍቷል። በሰላትሽ መናገሩ ነውር ነው። በእኛ ፊት ይቅርታ ይጠይቅሻል፣ ሁለተኛም አይለምደውም። አንቺም ሰኞ ሥራሽ ላይ ተገኚ።»

«በሰላቴ?»

«አዎ።»

«ሀጂ፣ በሰላቴ ማን ተናገረኝ? መጋዘኑን ጠርገው ምንጣፍ የዘረጉልኝ እኮ ራሳቸው ጋሽ ደምለው ናቸው!»

ሀጂ ወደ እኛ ዞሩ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን መናገር አልፈልግም። ደምለው ይህን ሽማግሌ ከቤቱ ለማውጣት የመረጠው ነገር የሃይማኖትን ነገር ነበር። የትኛው ቃል ሀጂን ከአልጋቸው እንደሚያስነሣ፣ የትኛው ቃል እኔን እንደሚያስሮጥ ያውቃል። በእሳት ነው የተጫወተው፤ በእኛ ከተማ!

«ታዲያ ለምን ለቀቅሽ?» አሉ መሪጌታ። ሦስት ሳምንት የዘገየው ጥያቄ ይኸው መጣ።

ሪሃብ አባቷን አየች። ለእሱም አልነገረችም ነበር፤ «አልተስማማኝም» ብቻ ነው ያለችው።

«በስምንተኛው ቀን ዙህር ልሰግድ ገባሁ» አለች። «አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ስወጣ አንዲት የገጠር ሴት ልጅ አዝላ ከበር ስትወጣ አየሁ። ጋሽ ደምለውን ምን ሰጧት አልኋቸው። የሳል ነው ብለው ካርቶኑን አሳዩኝ። የአዋቂ ነው። ለእሷ ነው ወይ አልሁ። የለም ለሕፃኑ፣ ‹ግማሹን ስበሪለት› ብያታለሁ አሉኝ።»

«ያ ረቢ!» አለች ሀሲና።

«ሮጥሁ። ጋውኔን አላወለቅሁም። መናኸሪያ ደርሼ አይሱዙ ላይ ልትወጣ ስትል ያዝኋት። ክኒኑን ተቀብዬ ተመልሼ የልጅ ሽሮፕ አምጥቼ ሰጠኋት። ጋሽ ደምለው ግን የተቆጡት ስለ ሮጥሁ ነው። ‹በገበያ መሐል በነጭ ጋውን ሮጠሽ አዋረድሽኝ፤ ሰው መርዝ የሸጥሁ አይመስለውም ወይ?› አሉኝ። ደንግጠው ነው ብዬ በነጋው ገባሁ። ምሳ በልቼ ስመለስ ለስድስት ሰው ሸጠው ጠበቁኝ። ምን ምን ሸጡ ስላቸው አያስታውሱም። ‹ካርቶኑን አውቀዋለሁ› አሉ።»

ትንፋሽ ወሰደች። «ልልቀቅ ብዬ ለቀቅሁ። ስሜ ግን አልለቀቀም። ዛሬ ጠዋት እናንተ ስትነሡ ሱቁ ክፍት ነበር?»

ክፍት ነበር። የደምለው ሚስት ነበረች የምትሸጠው።

እዚህ ላይ ጋቢያችንን ጠቅልለን መውጣት ነበረብን። ጨዋ ሰው የሚያደርገው ይህንን ነው። እኛ ግን ሽማግሌዎች ነን፤ ሽማግሌ ባዶ እጁን መመለስ ሞቱ ነው። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ ይህማ መመለስሽን የሚጠይቅ ነገር ነው። አንቺ ካለሽ እሱ አያጠፋም። እኛ ደግሞ እንመክረዋለን።»

እኔም አፌን ከፈትሁ። አዎ፣ እኔ። ጉቦ ሲበላ፣ ዘይት ሲደበቅ አደባባይ ቆሜ የምጮኸው ሰውዬ። «በሰፈራችን ሌላ መድኃኒት ቤት የለም፤ ሱቁ ከታሸገ ሕዝቡ ምን ይሁን? ለሕዝቡ ብለሽ» አልሁ። ሕዝብ የምትለዋ ቃል እንዴት ትመቻለች! የሌላ ሰው ስም አስይዘህ ለሕዝብ ታዝናለህ።

ቆምን። ሻዩ ቀዘቀዘ። በሩ ላይ ሁለት ሦስት ጎረቤት ተደገፈ። የሀጂ ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዘራቸው ሲሚንቶው ላይ ቋ፣ ቋ፣ ቋ ይላል። አብዱልሐኪም ከዚያች ድምፅ ጋር ይጨማደድ ነበር። ለዚህ ሰው ልጁ ትልቅ ናት፣ ሀጂም ትልቅ ናቸው፤ ለሁለቱ አንድ ክፍል አልበቃ አለው።

«ሪሃብ» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ተሰንጥቆ። «ልጄ። ሀጂን አታቁሚያቸው።»

ሪሃብ ወደ ጓዳ ገባች። ልታለቅስ መሰለን። መሪጌታ በዓይናቸው «አለቀ» አሉኝ። ሀሲና ተከትላ ልትገባ ስትል ልጅቷ ወጣች። ያላለቀሰ ፊት ነው። በእጇ ከደብተር የተቀደደ ሉክና እስክሪብቶ ይዛለች።

«እመለሳለሁ» አለች።

አብዱልሐኪም «አልሐምዱሊላህ» አለ። መሪጌታ ወንበር ሳቡ።

«ቆይ መሪጌታ። እመለሳለሁ፤ ግን ተያዥ ይሁኑኝ። ጋሽ ደምለው ሲቀጥሩኝ ሰው ካልፈረመልሽ አላምንሽም ብለው ተያዥ አስመጥተውኛል። ልክ ናቸው፤ ዕቃቸው ነው። እኔም ስሜን ሳስረክብ ሰው ይፈርምልኝ።» ወረቀቱን አነበበችው። «‹ሪሃብ አብዱልሐኪም በሌለችበት ሰዓት በዚህ መድኃኒት ቤት በሚሸጥ መድኃኒት ሰው ቢጎዳ ተጠያቂዎቹ እኛ ነን።› ከታች ሦስት መስመር አለ። ለሦስታችሁ።»

እስክሪብቶውን መጀመሪያ ለመሪጌታ ዘረጋችላቸው። የሺህ ተማሪ ቅኔ ያረሙ እጆች ጋቢው ውስጥ ገቡ። ወደ እኔ ዞረች። ዓይኔ ጣሪያውን ይቆጥር ጀመር። እኔ ለማላውቀው ክኒን፣ ለማላውቀው ሕፃን፣ እስር ቤት? የማስበው ይህንን ነበር። ትንሽ ቀደም ብዬ «ለሕዝቡ ብለሽ» ያልሁት እኔ!

ሀጂ «ደምለውን ጥሩት» አሉ።

ገባ። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ፊት አዘጋጅቶ ነበር የገባው።

«ደምለው፣ የሰላቱን ነገር በኋላ እንነጋገራለን፤ ከአላህም ጋር ትነጋገራለህ። አሁን ይቺን ወረቀት ተመልከት። ባለሱቁ አንተ ነህ፤ አንተ መጀመሪያ ፈርም።»

ደምለው አነበበ። ሁለቴ አነበበ።

«ኧረ ሀጂ! እኔ እንዴት እፈርማለሁ? እኔ ባለሙያ አይደለሁ!»

ከአፉ ከወጣ በኋላ ራሱም ሰማው። ሁላችንም ሰማነው። በሩ ላይ ከነበሩት ጎረቤቶች አንዷ «እሰይ» ስትል ሰማኋት።

ሀጂ ከዘራቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩ። በዝግታ፣ ማሽኑን ተደግፈው፣ አብዱልሐኪም መጀመሪያ ያስመጣው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጉልበታቸው ሲንቋቋ ተሰማ። «ሀሲና፣ ውኃ ስጪኝ ልጄ» አሉ። ጠጡ። አብዱልሐኪም ተቀመጠ። ሪሃብም ተቀመጠች። ተከራክረን ያላስቀመጥነው ነገር በዚያች ውኃ ተቀመጠ።

«ወረቀትሽ ዛሬ ይወርዳል» አሏት።

ወደ ሞጣ ስንመለስ ማንም ቀልድ አላወራም። ደምለው መንገዱን ሙሉ «ማክሰኞ ድረስ ብቻ፣ እስከ ማክሰኞ» ይላል። አሥራ አንድ ሰዓት ግድም ደረስን። ሀጂ ወደ ቤታቸው አልሄዱም። መድኃኒት ቤቱ ገቡና መደርደሪያው ፊት ለፊት፣ የሪሃብ ፎቶ ካለበት ግድግዳ ሥር ቆሙ።

የደምለው ሚስት ወንበር አመጣች። «ይቀመጡ እንጂ ሀጂ።»

«ለመቀመጥ አልመጣሁም። ይቺ ትውረድና እቀመጣለሁ።»

እኔም ከጎናቸው ቆምሁ። መሪጌታ ትንሽ አመነቱና መጡ። ገዢ ገባ፣ አየን፣ ወጣ። ሌላ ገባ፣ እሱም ጉድ ብሎ በር ላይ ቀረ። ደምለው ከመደርደሪያው ኋላ ካርቶን ያነሣል፣ ያስቀምጣል፣ ያነሣል። «አያ ሀጂ፣ ስለ ልጆቼ» አለ። ከዘራው ቋ፣ ቋ ይላል። ሃያ ደቂቃ ይሆናል። በመጨረሻ ደምለው በርጩማ ሳበ፣ ወጣበት፣ ፍሬሙን ከምስማሩ ነቀለው። አልሰጠንም፤ መስታወቱ ላይ የነበረውን አቧራ በእጅጌው ጠረገና ባንኮው ላይ አስቀመጠው። እኔ ፍሬሙን አንሥቼ ሁላችንም ስንወጣ በሩን ራሱ ዘጋ።

በነጋው እሑድ ፍሬሙን በጋዜጣ ጠቅልዬ ብቻዬን ብቸና ሄድሁ። ሪሃብ ተቀብላ ከኋላ ያሉትን ምስማሮች በመቀስ አንድ በአንድ አነሣች፣ ፈቃዷን አወጣች፣ ፍሬሙን መልሳ ሰጠችኝ።

«ፍሬሙን የገዙት እሳቸው ናቸው፤ ይመልሱላቸው።»

ይቅርታ ጠየቅሁ። አንገቷን ነቀነቀች፤ ተቀበለችኝ ወይስ ልታሰናብተኝ ነው፣ አላወቅሁም። በሩ ላይ ስደርስ ጠራችኝ።

«ጋሽ ሰማው፣ ያቺ ሴት ሞጣ ተመልሳ መጥታ ነበር? ልጇ እንዴት ሆነ? ሳልደርስባት ከክኒኑ አቅምሳው እንደነበረ አልጠየቅኋትም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ለጋሽ ደምለው የምደውልላቸው ይህንንም ልጠይቅ ነበር።»

አላውቅም አልኋት። አልጠየቅንም።

ማክሰኞ ሱቁ ታሸገ። አንዳንዱ ሰው ሲያልፍ እኔን ይራገማል፤ ይራገም፣ ከፊሉ እውነት አለው፣ መድኃኒት ፍለጋ እስከ ከተማው ዳር ይሄዳል። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ፓምፕ ሊያስጠግን የሚመጣውን የገጠር ሰው ሁሉ እጠይቃለሁ፤ ከአንድ ወር በፊት ነጭ ጋውን የለበሰች ልጅ መናኸሪያ ድረስ ሮጣ የደረሰችባት፣ ልጅ ያዘለች ሴት በመንደራችሁ አለች? እስካሁን አዎ ያለኝ የለም። ባዶው ፍሬም የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ደምለው መጥቶ አልወሰደውም።